አርባው የወርቅ ቀሰም

ከአሶሳ፣ ታኅሣሥ ፭ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

በእናቴ ምትክ ላሳደገችኝ ለእታለም በቀለች፣ ወንበራ ይድረስ።

እንደምን ከርመሻል? ክረምቱስ እንዴት ለቀቀሽ? ጉልበትሽ አሁንም ዝናብ ይተነብያል? እኔ ከራሴ ፀጉር በቀር የጎደለኝ የለም። አምስት ወር ሙሉ አለመጻፌን ስንፍና እንዳልሽው ደብዳቤያችንን የሚያመላልሰው ኻሚስ ነጋዴው አንዲት ቃል ሳያጎድል ነግሮኛል። ዓባይ ሞልቶ ነበር ብዬ ብምል እንደማታምኚኝ ስለማውቅ አልምልም፤ ይቅር በይኝ።

የጠየቅሽኝን በተራ ልመልስ። በቅሎሽ ደህና ናት፣ ከእኔ ይልቅ ወፍራለች። ማተቤን ከአንገቴ አላወለቅሁም። ሚስት ስለማግባት ላልሽው፣ የሹም ጸሐፊ ደመወዙ ምርቃት ስለሆነ እስካሁን በምርቃት ልጁን የሚድር አማች አላገኘሁም። እስላሞቹ ጎረቤቶችህ ክፉ ናቸው ወይ ብለሻል። ክፉ ቢሆኑ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አትቀበይም ነበር። በነሐሴ ንዳድ ጥሎኝ አርባ ቀን ተኝቻለሁ፤ እንዳትሠጊ ብዬ እስከዛሬ ደብቄሽ ነበር። ማህጁብ የሚባል የበርታ ነጋዴ ከቤቴ ሃያ እርምጃ ላይ ይኖራል። እሱና ሚስቱ ጣሂራ የማሽላ ገንፎ እያመጡ አበሉኝ፤ ስቃዥም እጄን ይዞ የሚያድረው እሱ ነበር።

ሥራህ ምንድን ነው ላልሽው፣ የግብር ወርቅ ሲገባ እጽፋለሁ። እዚህ አገር ወርቅ የሚያጥቡት ሴቶች ናቸው። ወንዝ ወርደው አሸዋውን በእንጨት ገበቴ ያጥቡና የቀረችውን ብናኝ በትልቅ አሞራ ላባ ቀሰም ውስጥ ይሞሏታል። ቀሰሙ ውስጡ ባዶ ስለሆነ የወርቅ ማሰሮ ይሆናል፤ አፉን ይደፍኑታል፤ ባሎቻቸው ወስደው ለሹሙ ያስገባሉ።

በኅዳር ከሹሙ ግምጃ ቤት ከአርባ ቀሰም ሰባቱ ጠፉ። ሹሙ አውጫጭ ጠራ። ባልሽ ዳኛ ስለነበር ደንቡን ከእኔ ይልቅ ታውቂያለሽ፦ የአገሩ ወንድ ሁሉ ሜዳ ላይ ተከቦ ሌባውን እስኪያወጣ ወደ ቤቱ አይሄድም፤ እያንዳንዱ ምሎ ለሦስት ሽማግሌዎች በጆሮ ይነግራል፤ ሽማግሌዎቹም «ወፍ ነገረን» ብለው ስም ያወጣሉ፤ ወፉ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። ሦስት ቀን ቆዩ። የደረሰውን ማሽላ እውነተኞቹ ወፎች ሲጨርሱት ከሜዳው ሆነው ያያሉ። በሦስተኛው ቀን የሽማግሌዎቹ ወፍ ማህጁብን ጠራ። ቤቱ ሲፈተሽ ሰባቱ ቀሰሞች ከጣራው ሣር ውስጥ ወጡ።

ቅጣቱ እጅ መቁረጥ ነው። ሹሙ ግብር ሊያሰባስብ ቆላ ስለወረደ ፍርዱ ለመጋቢት አምስት ተቀጥሯል።

ሌላ ወሬ የለኝም።

ወንድምሽ ገላው

*

ከወንበራ፣ ጥር ፪ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ለእናቴ ልጅ ለገላው።

እኔ ደህና ነኝ። በጉልበቴ ምን አገባህ? ንዳድ ይዞህ አርባ ቀን ተኝተህ ለእኔ ዝም ማለትህን ስትመጣ በአርጩሜ እንነጋገርበታለን። ጢም አውጥቻለሁ እንዳትለኝ። ለዚያ ለማህጁብና ለሚስቱ ግን ስለ እኔ ጉልበታቸውን ነክተህ ሰላምታ አድርስልኝ። ይህን የሚጽፍልኝ መርጌታ «ለእስላም ጉልበት መንካት አይጻፍም» ብሎ ብዕሩን አስቀምጦ ነበር፤ ጠላ ስጨምርለት አነሣው።

አሁን ወደ ነገሩ። «ሌላ ወሬ የለኝም» ብለህ ዘጋኸው። ከሕፃንነትህ ጀምሮ እንደዚያ ስትል አንድ ወሬ በጉያህ እንዳለ አውቃለሁ። እንግዲህ እኔ ልጠይቅ። የአውጫጩን ቃል ማን ጻፈው?

ደግሞ ወፉ ስም ሲያወጣ ማህጁብ በሜዳው ነበረ ወይስ አልነበረም? ከዚያ በፊት የተደረጉ አውጫጮች ተጽፈው ተቀምጠው እንደሆነ አውጣና ተመልከት፤ ስማቸው ከወጣው ሰዎች ስንቱ በቦታው ነበረ? ይህን በጥንቃቄ ቁጠርልኝ። ለምን እንደምጠይቅ በኋላ እነግርሃለሁ። ከሳሹስ ማን ነው? በደንባችን ከሳሽና ተከሳሽ እስከ ፍርድ ቀን በአንድ ሰንሰለት ይቆራኛሉ፤ ማህጁብ ከማን ጋር ተቆራኝቷል?

ባሌ ነፍሱን ይማርና «ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ» ይል ነበር። ሁልጊዜ አላደረገውም እንጂ ማለቱንስ ይል ነበር። አንተ አድርገው።

በቀለች

*

ከአሶሳ፣ ጥር ፳፬ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

እታለም፣

አዎን። የአውጫጩን ቃል የጻፍሁት እኔ ነኝ።

ሽማግሌዎቹ «ማህጁብ» ሲሉ ብዕሬ ቆመ፤ ሹሙ «ጻፍ እንጂ» አለኝ፤ ጻፍሁ። በንዳድ ስቃጠል የያዘኝ እጅ እንዲቆረጥ በእጄ ጻፍሁ። ለአንቺ ያልነገርሁሽ አፍሬ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ እኔ ሞኙም ወረቀቱም ሆንሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰ ማግሥት ወደ እስር ቤቱ ሄጄ ለማህጁብ ነገርሁት። እስከዚያ ድረስ ወሬውን ከሌላ የሰማ መስሎኝ ፊቱን እሸሽ ነበር። ሳቀ። «አንተ ጸሐፊ ነው፤ ጸሐፊ የሰማ ይጽፋል። እኔ አልቀየመም፣ ወላሂ። ሰው ቢቀየም በምን ጊዜ ይነግዳል?» አለኝ። ከዚያ ቀኝ እጁን አገላብጦ እያየ «ግን ይቺን ይወዳል። ሚዛን የሚይዝ በሷ ነው» አለ። ወጥቼ ከግንቡ ጀርባ አለቀስሁ። የደበቅሁሽ ይበቃል ብዬ ነው የምነግርሽ።

ለጥያቄሽ። ማህጁብ በሜዳው አልነበረም። ቀሰሞቹ ሲጠፉም አውጫጩ ሲደረግም ጉባ ማንኩሽ ገበያ ጨው ሊሸጥ ሄዶ ነበር፤ የተያዘው ሲመለስ በር ላይ ነው። ሹሙ ይህን ቢሰማም «ሰርቆ ደብቆ ሄደ» አለ። ከሳሹ የግምጃ ቤቱ ጠባቂ ነው፤ ከሹሙ ጋር ከመሐል አገር የመጣ ባለዝናር። ከማህጁብ ጋር የተቆራኘው ግን እሱ አይደለም። «ቁልፍ ጠባቂ ነኝ፣ ሰንሰለት አይገባኝም» ብሎ አንድ ወታደር ምትክ ሰጥቷል። ወታደሩና ማህጁብ አሁን ከአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ወታደሩ በአረብኛ መቁጠር ተምሯል።

ከእኔ በፊት ከነበረው ጸሐፊ የተረከብሁትን ሳጥን ሁለት ቀን በረበርሁ። ይህ አገር ለንጉሠ ነገሥቱ ካደረ ወዲህ ዘጠኝ አውጫጭ ተጽፏል። እታለም፣ ሦስት ጊዜ ቆጠርሁት። ከዘጠኙ በስምንቱ ስም የወጣው በሜዳው ባልነበረ ሰው ላይ ነው። አንዱ ለንግድ ሄዶ፣ አንዱ ለቀብር፣ አንዱ ታሞ ወደ ባለመድኃኒት ተወስዶ። በቦታው እያለ ስሙ የወጣ አንድ ብቻ ነው፤ እሱም ጆሮው የማይሰማ ደንቆሮ ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ጣሂራ ቤቴ መጥታ በደጃፍ ቆመች። ከመጣሁ ጀምሮ ከእኔ ጋር ሦስት ቃል ተናግራ አታውቅም። «ሦስት ቀን ወንድ ሁሉ ጠየቀ» አለችኝ። «ወርቅ ማን ያጥባል? ወንድ ያጥባል? እኛ ማንም አልጠየቀ።» ምን ታውቂያለሽ ብላት «ዳኛ ሲጠይቅ ይናገራል» ብላ ሄደች። ባሏ እንኳ ሊያናግራት አልቻለም። ሴት በአውጫጭ ቆማ ስለማታውቅ ምን እንደማደርግ ቸገረኝ። ምከሪኝ። ቀኑ እየቀረበ ነው።

ገላው

*

ከወንበራ፣ የካቲት ፲፬ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ለገላው።

ኻሚስን ደጄ ላይ አስቁሜ ነው የማስጽፈው፤ ምሳውን እንኳ አላስጨረስሁትም። በመንገድ እንዳያድር ለምኜዋለሁ፤ ሲደርስ ስድቤን ይቅር እንዲለኝ ንገርልኝ።

አሁን ለምን እንደጠየቅሁህ ልንገርህ። አዱኛን ታውቀዋለህ፤ ከወንዙ ማዶ ያለውን፣ ሕፃናት «ሌባው አዱኛ» የሚሉትን፣ ቀኝ እጁ የሌለውን። ልጁ ስንቅነሽ በሬዎቹን እየነዳችለት በግራ እጁ ያርሳል። ከሃያ ዓመት በፊት በሬ ጠፍቶ አውጫጭ ሲጠራ አዱኛ ጨው ሊገዛ ዓባይን ተሻግሮ ነበር። ወፉ እሱን አወጣ። የፈረደው ባሌ ነው። ያን ቀን ከሜዳው የመጡት ሰዎች ደጄ ላይ ውኃ ሲጠጡ አንዱ «ደግ ሆነ፣ ከመካከላችን ማንም አልተቀየመ» ሲል ሰማሁት። ልጄ፣ ሰው ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ሲቀመጥ እውነት አያወጣም። ቤቱ የሚያደርሰውን ስም ያወጣል። አጠገቡ የተቀመጠውን ቢጠራ ነገ በመስኖው ይጣላዋል፤ የሌለውን ቢጠራ ግን ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ሰዎቹ ክፉ አይደሉም። ማሽላቸው እየተበላ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጽሕፈቱን ለሌላ አስረክብና ለማህጁብ ጠበቃ ሆነህ ቁም። ዘጠኙን ወረቀት ለሹሙ አንብብለት፤ አትሟገት፣ አንብብ ብቻ፤ ጆሮው ራሱ ይቁጠር። ከዚያ ስለ ጣሂራ «ሴት በአውጫጭ አትገባም» ሲሉህ እንዲህ በል፦ በአውጫጭ የሚጠራው የአገሩ ሰውና ዕቃውን የሚያውቅ ሰው ነው፤ በሬ ሲጠፋ እረኛው ይጠየቃል፤ ወርቅ ሲጠፋ ደግሞ ያጠበችው። ዕቃውን የሚያውቅ ያልተጠራበት አውጫጭ ጎዶሎ ነው፤ በጎዶሎ አውጫጭ እጅ አይቆረጥም። ይህን ደፍረህ ተናገር። ደንብ ያልሆነ ቢመስላቸው ተወራረድ። የሚፈራ ሰው ውርርድ ላይ ያስታውቃልና ከሳሹ ሲወራረድ ፊቱን ተመልከት።

ጣሂራ ምን እንደምታውቅ አላውቅም። ባሏ እጁን ሊያጣ ሳለ ዝም ብላ ዳኛ የምትጠብቅ ሴት ግን የምትለውን ታውቃለች። ውኃ ሲጎድል ተሻገር፣ ዳኛ ሲገኝ ተናገር ይላሉ፤ እሷ ከእኛ ሁሉ ይልቅ ገብቷታል።

ሌላ ወሬ የለኝም።

በቀለች

*

ከአሶሳ፣ መጋቢት ፰ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

እታለም፣ እታለሜ፣ የወንበራ እመቤት፣

እጁ አልተቆረጠም። መጀመሪያ ይህን ልጻፍና በኋላ ሰላም ልበልሽ። እንደምን አለሽ? ማህጁብ እዚህ አጠገቤ ተቀምጦ በዚያች እጁ ለውዝ እየፈለፈለ ወረቀቴን ያበላሻል።

በኻሚስ አፍ «ፈርተሃል ወይ» ብለሽ ልከሽብኝ ነበር። ፈርቼ ነበር። ሹሙ ከትልቁ ዛፍ ሥር ተቀምጦ፣ የአገሩ ወንድ ሁሉ ተሰብስቦ፣ ሴቶቹ ከሩቅ በአጥር ጥግ ቆመው ሳለ ዘጠኙን ወረቀት ማንበብ ጀመርሁ። «በዚህ ቀን ስሙ የወጣ እገሌ፤ በዚያ ቀን ለቀብር ሄዶ ነበር።» ቀጥዬ ሌላውን። አራተኛው ላይ ሹሙ ጣቱን ማጠፍ ጀመረ። ስምንተኛው ላይ እጁን አንሥቶ አስቆመኝና «የቀረው ደንቆሮው ነው?» አለ። ነው አልሁ። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት ያያሉ። አንደኛው፣ ሐመድ የሚባለው አዛውንት፣ ሳይጠየቅ ተነሥቶ «ሰው ሁሉ ይስማ። እኔ ወፍ አልሰማም። ሰው ወደ ቤት መሄድ ፈለገ። እኔም ፈለገ» አለና ተቀመጠ። እንዲያ ያለ ድፍረት ከአዛውንት አልጠበቅሁም፤ ጉልበቱን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ከዚያ ጣሂራ ትጠየቅልኝ አልሁ። ጠባቂው ብድግ ብሎ «ሴት በአውጫጭ ገብታ ታውቃለች?» አለ። ያስተማርሽኝን አንድ በአንድ ተናገርሁ፤ የእረኛውን ስል ሰዉ አጉረመረመ። እሱም «ይህ ደንብ ከሆነ እወራረዳለሁ፣ በቅሎ!» አለ። እኔም «በቅሎ!» አልሁ። የማን በቅሎ እንደሆነች አትጠይቂኝ። ጠይቀሻል ብዬ ልመልስ፦ ያንቺ ናት። ሌላ በቅሎ የለኝማ።

ሹሙ ጢሙን አሻሸና «ያጠበችው ትጠየቅ» አለ።

ጣሂራ መጣች። ኻሚስ ሊተረጉምላት ቢነሣ በእጇ አስቀመጠችው። «አርባውን ሁሉ አምጣ» አለች። ሠላሳ ሦስቱ ከግምጃ ቤት፣ ሰባቱ ከጣራው የወጡት በአንድ ቁርበት ላይ ፈሰሱ። «ቀላቅል» አለች፤ ሹሙ ራሱ ቀላቀላቸው። ከዚያ ወርቅ አጣቢዎቹን ዐሥራ አራቱን ሴቶች ጠርታ ጀርባቸውን አስዞረች፤ አንድ በአንድ እየመጡ የእጃቸውን እንዲለዩ። እታለም፣ እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ለእኔ ቀሰም ቀሰም ነው። እነሱ ግን አፉን የሚደፍኑት በየራሳቸው መንገድ ነው፦ ኑራ ሙጫውን በአመድ ትለውሳለች፣ ዓኢሻ ላዩ ላይ የቀሚሷን ክር ሁለት ዙር ታስራለች፣ አንዷ በጥርሷ ትነክሰዋለች። እናት ለልጇ ታስተምራለች እንጂ ለባል እንኳ አይነገርም፤ ማህጁብም በዚያ ቀን ነው የሰማው። አንዷ የወሰደችውን ሌላዋ ሳታይ፣ ያለ ክርክር፣ ሃያ አንድ ቀሰም ለየባለቤቷ ሄደ።

ዐሥራ ዘጠኝ ቀረ። ማንም አልነካውም።

ጣሂራ አንዱን አነሣችና ለሹሙ ሰጠችው። «ላባ የኛ ነው። መድፈኛ የኛ አይደለም። ይህ ሰም ነው፤ የናንተ ቤተክርስቲያን የሚያበራ። ክሩ ውስጡ አለ፣ እይ።» ሹሙ በጥፍሩ ፈልፍሎ የጧፍ ክር መዘዘ። በእኛ በክርስቲያኖቹ ቤት እንጂ በበርታ ቤት ጧፍ ምን ይሠራል? ጣሂራ ቀጠለች፦ «ሰባቱ ከጣራ ወጣ። ዐሥራ ሁለቱ የት ነበረ?»

ሁላችንም ዞረን ጠባቂውን አየን። ዐሥራ ሁለቱ ከሹሙ ግምጃ ቤት፣ ከእሱ ቁልፍ ሥር፣ ወጥተው አያውቁም። ማህጁብ ማንኩሽ ጨው ሲሸጥ ከተቆለፈ ቤት ውስጥ ቀሰም ከፍቶ፣ ከየአንዳንዱ ገምሶ፣ መልሶ በጧፍ ሊደፍን አይችልም። ሹሙ «ዝናርህን ፍታ» አለው። እንዴት እንደታየው አላውቅም፤ ምናልባት ሰውየው እጁን በዝናሩ ላይ አሳርፎ ስለቆየ ይሆናል። ከጥይት ማስገቢያዎቹ ስድስቱ ጥይት አልነበረባቸውም። በጨርቅ የተጠቀለለ ወርቅ ነበረባቸው። ጉድለቱ ሊታወቅበት ሲል፣ ወፉ የሌለውን እንደሚጠራ ያውቅ ነበርና፣ ማህጁብ ለንግድ ጣሂራም ለአጠባ በወጡበት ሰባቱን ወስዶ ከጣራቸው ሸጉጦ ኖሯል።

ሰንሰለቱን ከማህጁብ ሲፈቱት ሴቶቹ እልል አሉ። ወንዶቹ ተከተሉ። ተቆራኝቶ የነበረው ወታደር ማህጁብን አቅፎ በአረብኛ እስከ ዐሥር ቆጠረ፤ ሌላ ቃል አያውቅማ። እኔ ከደስታዬ ብዛት የተተካልኝን ጸሐፊ ቀለም ደፋሁ።

ሹሙ የጠባቂውን እጅም አላስቆረጠም፤ ጣሂራ ለመነችለት። «እጅ ተቆርጦ ወርቅ አይመጣ» አለች። ታስሮ ወደ መሐል አገር ይላካል። ውርርዱ እንደ ደንቡ ለዳኛው ስለሆነ የተረታውን የጠባቂውን በቅሎ ሹሙ ወሰደ። ያንቺ እዚህ ትበላለች። ከዚህ በኋላ በዚህ አገር በሌለ ሰው ላይ ስም እንዳይወጣ፣ ዕቃውን የሚያውቅ ሁሉ ሴትም ብትሆን እንዲጠራ ሹሙ አዘዘ። ማን እንደጻፈው ገምቺ። በጥሩ ቀለም፣ በደማቁ፣ በዚያው በእጄ ጻፍሁት።

ጣሂራ ጉልበቷን ማስነካትሽን ሰምታ አፈረች። «እህት ይምጣ፣ ገንፎ ይበላ» ብላሻለች።

ገላው

*

ከወንበራ፣ ሚያዝያ ፲፮ ቀን ፲፰፻፺፫ ዓ.ም.

ለወንድሜ ለገላው፣ ለበቅሎ አስያዡ።

እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሰህ። ደብዳቤህን በዳግማይ ትንሣኤ ዋዜማ ተቀበልሁ፤ መርጌታ ሦስት ጊዜ አነበበልኝ፣ ሦስተኛውን ያለ ጠላ። ጣሂራ «ዐሥራ ሁለቱ የት ነበረ» የምትልበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ አስቆመዋለሁ፣ መልሶ እንዲጀምር።

በቁራጭ ወረቀት «ባለፈው ሌላ ወሬ የለኝም ማለትሽ ምንድን ነው» ብለህ ጠይቀሃል። አንተም እኔን አወቅኸኝ ማለት ነው። እነግርሃለሁ። አዱኛ እጁን ባጣ በሁለተኛው ዓመት የዚያ በሬ አጥንት ከነቃጭሉ ከገደል ሥር ተገኝቷል። ባሌ ቃጭሉን ወደ ቤት አምጥቶ አሳየኝና ከራስጌያችን ሣጥን ሥር አስቀመጠው። እሱ ዝም አለ። እኔም ዝም አልሁ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ያ ቃጭል ከአልጋዬ ራስጌ ነበር። ነገር አዋቂ እያላችሁ ስታመሰግኑኝ ሆዴ ያውቀዋል።

ደብዳቤህ በመጣ በማግሥቱ፣ በእሑዱ፣ ቅዳሴ ሲወጣ፣ ቃጭሉን ይዤ በደጀ ሰላሙ ፊት ቆምሁ። ሁሉንም ነገርሁ፣ የራሴንም ጭምር። ከዚያ የአንተን ደብዳቤ መርጌታ አነበበ፤ ዘጠኙን ወረቀት ሲያነብ ሽማግሌዎቻችን እንደ ሹሙ ጣታቸውን ሲያጥፉ አየሁ። አንዱ «በአሶሳ ሴት ተጠይቃለች፣ እኛ ከእነሱ እናንሳለን?» አለ። በዚያው በአደባባይ አዱኛ ሌባ አይደለም ብለው ማሉ። የከሳሹ ቤተሰብ በሬ ካሰ። አዱኛ ቃጭሉን ተቀብሎ አንዴ አቃጨለው። «ድምፁን አውቀዋለሁ፣ ጥሩ በሬ ነበር» አለ። እኔን ይረግመኛል ብዬ ነበር፤ በግራ እጁ እጄን ጨበጠኝ።

ትናንት ወንዝ ስወርድ ሕፃናቱ «አባ አዱኛ» ብለው መንገድ ሲለቁለት ሰማሁ።

አሁን አንድ ጉዳይ ቀርቷል። በሌባ ልጅነቷ ማንም ያልጠየቃት ስንቅነሽ በዚህ ሳምንት ከሦስት ቤት ሽማግሌ መጥቶላታል። እኔም ለአንተ ልጠይቃት አራተኛ ሆኜ ሄድሁ። አባቷ ፈቀደ። እሷን ስጠይቃት «ደብዳቤውን እንደገና አስነብቡልኝ» አለች፤ ከእስር ቤቱ ግንብ ጀርባ ማልቀስህን የጻፍህበትን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አስነበበችና «ይምጣ» አለች። በምርቃት ልጁን የሚድር አማች አላገኘሁም ብለህ ነበር፤ አገኘሁልህ። እምቢ ማለት ትችላለህ፤ ነገር ግን ሳትጠይቀኝ በቅሎዬን አስይዘሃልና እኔም ሳልጠይቅህ አንተን አስይዣለሁ።

ማህጁብንና ጣሂራን በሚዜ ቦታ አስቀምጣቸዋለሁ፤ መርጌታ ከወዲሁ እያጉረመረመ ነው። ዓባይ ሳይሞላ በቅሎዋ ላይ ተቀምጠህ ና።

እህትህ በቀለች